በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በካንሰር ሕክምና ላይ ያላቸው ሥልጣን

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ምሽት የምናገርበት ጕዳይ ስለ ካንሰር ሕክምና ነው። ስለ በሽታው አመጣጥና ስለ ምልክቶቹ ከዚህ ቀደም ብዙ ስለ ተባለ ያንኑ መድገም አልፈልግም። ለመግለጽ ያሰብሁት ብዙ ሰው ያልጠረጠረውን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለካንሰር የሚሰጠው መድኃኒት መፈወሱ ወይም አለመፈወሱ፥ አንዳንድ ጊዜም መግደሉ፥ በመድኃኒቱና በበሽታው ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው። በሐኪሙና በዕጢው መካከል ሦስተኛ ወገን አለ። ይህም ወገን በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ፥ ይልቁንም በአንጀቱ፥ ሰፍሮ የሚኖረው የባክቴሪያ ሕዝብ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሕዝብ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። በእስራኤል አገር በዌይዝማን የምርምር ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ስሌት መሠረት፥ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 38 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎችን ተሸክሞ ይኖራል። የሰውዬው የራሱ ሕዋሳት ግን ወደ 30 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ናቸው። በቍጥር ብቻ ቢታይ እንግዶቹ ባለቤቱን ይበልጡታል ማለት ነው። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ክብደታቸው ከ200 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ ከእነዚህም የሚበዙት በትልቁ አንጀት ይኖራሉ።

ባክቴሪያ የሚለውን ቃል ስንሰማ በሽታ ብቻ ትዝ ይለናል። ነገር ግን ጠጅ የምትጥልና እንጀራ የምትጋግር የቤት እመቤት ሁሉ፥ በዐይን የማይታይ ሕያው ነገር ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከሊቃውንቱ በፊት ታውቀዋለች። እርሾው ሊጡን እንደሚለውጠው ሁሉ፥ በአንጀታችን ያሉት ባክቴሪያዎችም የሚደርስላቸውን ነገር ይለውጡታል። የሚደርስላቸውም ምግብ ብቻ አይደለም፤ የዋጥነው መድኃኒትም ይደርሳቸዋል። ከምግቡ ላይ ሥራቸውን ሠርተው መድኃኒቱን ሳይነኩት ይተዉታል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የሆነ ሆኖ የሕክምና ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ያሰቡት ከዚሁ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ረቂቅ ትምህርት እንዳይመስል፥ በጃፓን አገር ከደረሰው ልጀምር።

በ1993 ዓ.ም. በመስከረም ወር ገደማ ሶሪቩዲን የሚባል አዲስ መድኃኒት በጃፓን ለገበያ ቀረበ። የተሠራው በአገራችን አልማዝ ባለጭራ እየተባለ ለሚጠራው፥ ቆዳን እንደ እሳት ለሚያቃጥለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሚበረታው በሽማግሌዎችና የመከላከል ኀይላቸው በደከመባቸው ሰዎች ላይ ስለ ሆነ፥ መድኃኒቱን ከሚሹት መካከል የካንሰር ሕመምተኞች መገኘታቸው የማይቀር ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ፍሎሮዩራሲል ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ወገን የሆነ ኪኒን በአፋቸው ይወስዱ ነበር። ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ የወሰዱት ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ መታመም ጀመሩ። ምግብ እንቢ አላቸው፤ ደም የተቀላቀለበት ብርቱ ተቅማጥ ያዛቸው፤ በደማቸው ያሉት ሕዋሳት ቍጥር ወረደ። ነገሩን በኋላ የመረመሩት ጃፓናውያን ሊቃውንት እንደ ጻፉት 18 ሰዎች ሞቱ። መድኃኒቱም ከገበያ ወጣ።

ከሟቾቹ ማንም ቢሆን መርዝ አልጠጣም። እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ሲታይ በልኩ የታዘዘ ነበር። ታዲያ ምን ገደላቸው?

ፍሎሮዩራሲል የሚሠራው በማታለል ነው። ሕዋስ በሚከፋፈልበት ጊዜ ለዘር ቅጂው ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱን ስለሚመስል፥ ሕዋሱ እውነተኛ መስሎት ይቀበለውና ይጠፋል። የካንሰር ሕዋሳት ያለ ዕረፍት ስለሚከፋፈሉ ይበልጡን የሚጐዱት እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን የአንጀት ሽፋንና የአጥንት መቅኔ ሕዋሳትም እንደዚሁ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈሉ ከጕዳቱ አያመልጡም። እንግዲህ ሰውነታችን ይህን መድኃኒት ዝም ብሎ አይመለከተውም። በጉበት ያለ አንድ ኤንዛይም ከሚሰጠው መጠን ከመቶ 80 እጅ የሚበልጠውን ሰባብሮ ያጠፋዋል። ሐኪሞች የሚያዝዙት መጠን ይህ ብክነት አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ከመቶ 80 የሚሆነው ይጠፋል ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት ሳይጠፋ ቢቀር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ሶሪቩዲን ራሱ ይህን ኤንዛይም አይነካውም። አንጀት ሲደርስ ግን ባክቴሪያዎች፥ ይልቁንም ባክቴሮይድስ የሚባሉት ወገኖች፥ ከሁለት ይከፍሉታል። ከፍላጮቹ አንዱ በደም ተወስዶ ወደ ጉበት ይደርስና ከዚያው ኤንዛይም ጋር ተጣብቆ እስከ መጨረሻው ሥራ ያስፈታዋል። የፍሎሮዩራሲል መውጫ በር በዚህ ሁኔታ ተዘጋ፤ መግቢያው ግን በየዕለቱ ክፍት ነበር። ሊቃውንቱ ሁለቱን መድኃኒቶች ለአይጦች አንድ ላይ በሰጡ ጊዜ አይጦቹ በ10 ቀን ውስጥ አለቁ፤ አንጀታቸውና መቅኔያቸውም ክፉኛ ተጐድቶ ተገኘ። አስቀድመው የአንጀታቸው ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ በተመታባቸው አይጦች ደም ውስጥ ግን ያ አደገኛ ፍላጭ እጅግ አነሰ። ገዳዩን ነገር የሠሩት ባክቴሪያዎቹ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚያ ዘመን በጃፓን ለሕመምተኛው ካንሰር እንደ ያዘው አለመንገር የተለመደ ነበር። የሚደረገውም በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ ነው፤ በእኛም አገር ቤተ ዘመድ መክሮ ሕመሙን ከባለቤቱ የሚሰውርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የሚውጠው ኪኒን ምን እንደ ሆነ ያልተነገረው ሰው፥ ቆዳው ሲቃጠል ወደ ሌላ ሐኪም ሄዶ «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህን?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል?

ሁለተኛው ምሳሌ እንዲህ ያለ ድንገተኛ መቅሠፍት ሳይሆን በየሆስፒታሉ በየዕለቱ የሚታይ ነው። በቻይና አገር ከሚበቅል አንድ ዛፍ ቅርፊትና እንጨት ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች፥ ዎልና ዋኒ፥ ካምቶቴሲን የተባለውን ንጥረ ነገር በ1966 ዓ.ም. አወጡ። ከዚህ ንጥረ ነገር በኋላ ዘመን የተሠራው አይሪኖቴካን የትልቁን አንጀት ካንሰር ለማከም ዛሬም ያገለግላል። ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ከሚወስዱት ሰዎች ብዙዎቹ በብርቱ ተቅማጥ ይሠቃያሉ፤ አንዳንዶቹም ሕክምናውን ለማቋረጥ ይገደዳሉ።

የሥቃዩ ምክንያት ለመሥሪያ ቤት ሰው በቀላሉ ይገባል። ጉበትን እንደ አንድ ጠንቃቃ የመዝገብ ቤት ሹም አድርገን እንመልከተው። የመድኃኒቱ ኀይለኛ ክፍል ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጉበት ሲመጣ፥ ጉበት ከስኳር ወገን የሆነ አንድ ነገር ይለጥፍበትና መርዝነቱን ያበርደዋል። ይህ «ጕዳዩ ተፈጽሟል» እንደሚል ማኅተም ነው። ማኅተም የተደረገበትም ነገር ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይላካል፤ ከአንጀትም ተጠርጎ እንዲወጣ ይጠበቃል። ዳሩ ግን በአንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ወዳዶች ናቸው። ማኅተሙን ይልጡትና ስኳሩን ይበሉታል፤ የተዘጋው መዝገብ እንደ ገና ይከፈታል፤ የበረደው መርዝም በአንጀቱ ሽፋን ላይ ነፍስ ይዘራል። ባክቴሪያዎቹ ክፋት አላሰቡም፤ ምግባቸውን ብቻ ፈለጉ።

በዚህ ጊዜ «ባክቴሪያዎቹን በአንቲባዮቲክ ፈጅቶ መገላገል ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ወደ በኋላ እንደምናየው ይህ አሳብ ሌላ መዘዝ ያመጣል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሬድንቦ የተባሉት ሊቅና ጓደኞቻቸው በ2010 ዓ.ም. የተሻለ ብልኀት አሳዩ። ባክቴሪያዎቹን ሳይገድሉ ማኅተም የሚልጡበትን ኤንዛይም ብቻ የሚያስር ነገር አገኙ። ይህን ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጡት አይጦች ከተቅማጡ ዳኑ። ሠራተኛውን ሳያባርሩ ምላጩን ከእጁ እንደ መቀማት ያለ ነው።

ሌላም አለ። ባክቴሪያዎች በአንጀት ብቻ ሳይወሰኑ በራሱ በዕጢው ውስጥ ገብተው ይገኛሉ። የቆሽት ካንሰር ከካንሰሮች ሁሉ ክፉ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጄምሲታቢን የሚባል መድኃኒትም ይሰጥበታል። በዌይዝማን ተቋም ስትራውስማን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ከመረመሯቸው 113 የቆሽት ዕጢዎች መካከል በ86ቱ ውስጥ ባክቴሪያ አገኙ። ከእነዚህም ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ጄምሲታቢንን የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው። መድኃኒቱ ብዙ ወጪ ተደርጎበት፥ ብዙ ሥቃይም አስከትሎ፥ በደም ተጕዞ ከጠላቱ በር ሲደርስ በሩ ላይ ይበላል ማለት ነው። ለአይጦች አንቲባዮቲክ በተጨመረ ጊዜ መድኃኒቱ ኀይሉን መልሶ አገኘ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ባክቴሪያዎችን ወንጀለኛ ያስመስላቸዋል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ግን በተቃራኒው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሁለት የምርምር ቡድኖች፥ አንዱ በፈረንሳይ ሌላው በአሜሪካ፥ በአንድ ሳምንት በአንድ መጽሔት ላይ ተቀራራቢ ነገር አወጡ። በፈረንሳይ በጉስታቭ ሩሲ ተቋም ላውራንስ ዚትቮጌል የተባሉት ሴት ሊቅ የሚመሩት ቡድን ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለውን የቆየ የካንሰር መድኃኒት መረመረ። መድኃኒቱ የአንጀትን ሽፋን ሲያሳሳው አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሾልከው ወደ ንፍፊቶችና ወደ ጣፊያ እንደሚደርሱ ታየ፤ እነርሱንም ያዩት የመከላከያ ሕዋሳት ተቈጥተው ሲነሡ ካንሰሩን ጭምር ይወጋሉ። አንጀታቸው ከባክቴሪያ ንጹሕ ሆኖ ባደጉ ወይም አንቲባዮቲክ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ግን መድኃኒቱ ደከመ። አሜሪካውያኑም በኦክሳሊፕላቲን ላይ ይህንኑ አዩ። ለብዙ ዓመታት «ካንሰርን በቀጥታ የሚገድል ነው» ሲባል የኖረ መድኃኒት ለካስ ከሥራው ከፊሉን የሚሠራው በሌላ እጅ ኖሯል።

ባክቴሪያ ካንሰርን ሊያስወግድ ይረዳል የሚለው አሳብ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ አንዲት ወጣት በአጥንት ካንሰር ከሞተችበት በኋላ፥ በኀዘን የሆስፒታሉን የቆዩ መዛግብት ሲያገላብጥ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። በአንገቱ ላይ ዕጢ የነበረበትና ሐኪሞች ተስፋ የቈረጡለት አንድ ሰው፥ ፊቱን የሚያቀላና የሚያሳብጥ ኤሪሲፔላስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ይይዘዋል፤ ከዚያም በሽታ በዳነ ጊዜ ዕጢው አብሮ ጠፋ። ኮሊ ሰውዬውን በከተማው ፈልጎ በሕይወትና በጤና አገኘው። በ1891 ዓ.ም. ባክቴሪያውን ሆን ብሎ ሕመምተኞችን ይወጋ ጀመር። ካንሰራቸው የሟሟላቸው ነበሩ፤ በተወጉት በሽታ የሞቱም ነበሩ። በኋላ የሞቱ ባክቴሪያዎችን ወደ መጠቀም ተመለሰ። የጨረር ሕክምና እየተስፋፋ ሲሄድና ውጤቱም ከሰው ሰው ሲለያይ አሠራሩ ተረሳ።

ያልተረሳና እስከ ዛሬ የሚሠራበት አንድ አለ። በአገራችን ሕፃናት እንደ ተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባት ቢሲጂ ይባላል። ካልሜትና ጌራን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ከላም የተገኘውን የነቀርሳ ባክቴሪያ ሐሞት በተቀላቀለበት ድንች ላይ ለ13 ዓመታት 230 ጊዜ እያሸጋገሩ ካሳደጉት በኋላ ክፋቱን ጣለ፤ በ1921 ዓ.ም.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። በ1976 ዓ.ም. በካናዳ ሞራሌስ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ሕያው ባክቴሪያ በሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ ሞከሩት። ገና ወደ ሥጋው ያልጠለቀው ዕጢ ከተቈረጠ በኋላ ክትባቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛው ይፈሳል፤ ሕመምተኛውም ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቈያል፤ ይህም በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንታት ይደጋገማል። በፊኛው ሽፋን ላይ የሚነሣው ቍጣ የቀረውን ካንሰር ያጠፋል። ሕክምናው በአሜሪካ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. ተፈቅዶ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። በአማርኛችን ሳንባን የሚያጠፋውም ዕጢ የሚያበቅለውም በሽታ ሁለቱም ነቀርሳ ተብለው መጠራታቸው በዚህ ጊዜ ፈገግ ያሰኛል፤ የአንዱን ነቀርሳ ዘር ለሌላው ነቀርሳ ማርከሻ አድርገውታልና።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ደርሻለሁ። በዘመናችን በካንሰር ሕክምና ታላቅ የሆነው ለውጥ የመጣው የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት በማነቃቃት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ያለ ልክ እንዳይፈነጩ ተፈጥሮ ልጓም አበጅታላቸዋለች፤ ካንሰር ደግሞ ይህን ልጓም እየጐተተ ያቆማቸዋል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ልጓሙ እንዴት እንደሚፈታ በማሳየታቸው በ2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በዚህ መንገድ የተሠሩት መድኃኒቶች፥ ሜላኖማ በሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ወደ ሞት አፋፍ የደረሱ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አኑረዋል። ነገር ግን የሚረዷቸው ከፊሎቹን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ካንሰር ተይዘው፥ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው፥ አንዱ ሲድን ሌላው አንዳች ለውጥ አያይም። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ተደክሟል። ከመልሶቹ አንዱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ፥ በአይጥ ማርቢያ ቤት ነው።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋጄቭስኪ የተባሉት ሊቅ የሚመሩት ቡድን ለሙከራ የሚሆኑትን አይጦች ከሁለት ነጋዴዎች ይገዛ ነበር። በዘራቸው አንድ ናቸው። ሆኖም ሜላኖማ ሲሰጣቸው በአንደኛው ነጋዴ አይጦች ላይ ዕጢው በፍጥነት ያድጋል፤ በሁለተኛው አይጦች ላይ ግን ቀስ ይላል። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን የሚነጋገዳቸውን ነጋዴ አንድ አድርጎ ሥራውን በቀጠለ ነበር። እነርሱ ግን አይጦቹን በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረው አኖሯቸው። ልዩነቱ ጠፋ። አይጥ የባልንጀራውን ፋንድያ የመብላት ልማድ ስላለው፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው የአንጀት ባክቴሪያ እንደ ሆነ ገባቸው። ፍለጋቸውም ቢፊዶባክቴሪየም በሚባለው ወገን ላይ አደረሳቸው። ይህን ባክቴሪያ ብቻውን ለአይጦቹ ሲመግቧቸው ዕጢውን የገታው ልጓም የሚፈታውን መድኃኒት ያህል ነበር፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን የዕጢው ዕድገት ሊቆም ጥቂት ቀረው። ይህ በ2015 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያው ጋር የዚትቮጌል ቡድን በሌላ መድኃኒትና በሌላ ባክቴሪያ ተመሳሳይ ነገር አሳየ።

በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት አይደለም፤ በካንሰር ምርምር ይህ ሳይፈጸም የቀረ ተስፋ ብዙ ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በፈረንሳይ፥ በሂዩስተንና በቺካጎ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች በሕመምተኞች ዓይነ ምድር ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ መድኃኒቱ የረዳቸውና ያልረዳቸው ሰዎች ባክቴሪያ ልዩ ልዩ ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ጥናቶች ያመሰገኑት ባክቴሪያ አንድ አይደለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንቱን ያከራክራቸዋል። በፈረንሳዩ ጥናት ከታዩት 249 የሳንባ፥ የኩላሊትና የሽንት መስመር ካንሰር ሕመምተኞች መካከል 69ኙ ሕክምናው ሊጀመር ሲል ወይም እንደ ተጀመረ አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር። አንቲባዮቲክ ያልወሰዱት እኩሌታቸው ከ20 ወር በላይ ሲኖሩ፥ የወሰዱት እኩሌታ ግን ከ12 ወር በታች ኖሩ።

ይህን ቍጥር ሰምቶ ከመደንገጥ በፊት አንድ ነገር ማመዛዘን ይገባል። አንቲባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች ቀድሞውኑ ሌላ ሕመም የነበረባቸው፥ ስለዚህም ይበልጥ የደከሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሳንባው በባክቴሪያ የተመታ የካንሰር ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ ቢከለከል በካንሰሩ ከመሞቱ በፊት በሳንባው ይሞታል። ለጕንፋን ግን፥ ጕንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ፥ መድኃኒቱ እንቢ ላለው ሰው የዳነውን ሰው ባክቴሪያ ቢሰጡት ምን ይሆናል የሚለው ነበር። ነገሩ ለጆሮ ባይጣፍጥም ሳልሸፍን ልናገረው፤ የአንዱን ሰው ዓይነ ምድር አዘጋጅተው በሌላው ሰው አንጀት ውስጥ ማኖር ነው። በ2021 ዓ.ም. በእስራኤል በሼባ የሕክምና ማእከልና በአሜሪካ በፒትስበርግ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች ውጤት ወጣ። በሁለቱም ቦታ የተመረጡት ሕመምተኞች ሜላኖማ የያዛቸውና ልጓም ፈቺው መድኃኒት ያልሠራላቸው ነበሩ። በእስራኤል ሰጪዎቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በዚያው መድኃኒት ካንሰራቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ የቈዩ። ተቀባዮቹ አስቀድመው በአንቲባዮቲክ አንጀታቸው ከተጠረገ በኋላ የሰጪዎቹን ባክቴሪያ በቱቦና በኪኒን ተቀበሉ፤ ከዚያም ቀድሞ እንቢ ያላቸው መድኃኒት እንደ ገና ተሰጣቸው። ከ10ሩ በ3ቱ ላይ ዕጢው አነሰ፤ ከ3ቱም በአንዱ ፈጽሞ ጠፋ። በፒትስበርግ ከታዩት 15 ሕመምተኞች 6ቱ ተጠቀሙ።

ከ10 ሰው 3 ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን ቀድሞ ወስደው ያልሠራላቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዕጢው ያው ነው፤ መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የአንጀታቸው ነዋሪ ብቻ ነው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ገና መድኃኒቱን ላልጀመሩ 20 የሜላኖማ ሕመምተኞች ከጤነኞች የተወሰደ ባክቴሪያ አስቀድሞ ተሰጥቷቸው፥ በ13ቱ ላይ ዕጢው አነሰ። ይህ መልካም ውጤት ነው፤ ሆኖም ባክቴሪያውን ያልተቀበለ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረበት የመጨረሻ ፍርድ ሊሰጥበት አይቻልም።

አደጋም አለበት። በአሜሪካ በ2019 ዓ.ም. የመከላከል ኀይላቸው የደከመ ሁለት ሰዎች በምርምር ላይ ሳሉ፥ ከአንድ ሰጪ የመጣ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ ተላልፎባቸው አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰጪዎች የሚመረመሩበት ሥርዓት ጠብቋል። ስለዚህ ይህን ሥራ ያለ ሐኪም በቤት መሞከር በራስ ላይ መፍረድ ነው።

በመጨረሻ ብዙ ሰው ወደሚጠይቀው፥ ስለ ምግብ፥ ጥቂት ልበል። በሂዩስተን ዎርጎ የተባሉት ሴት ሐኪምና ጓደኞቻቸው በ2021 ዓ.ም. በ128 የሜላኖማ ሕመምተኞች ላይ ባወጡት ጥናት፥ በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ አሠር፥ ማለት እንደ ጥራጥሬ፥ እንደ አትክልትና ካልተነፋ ዱቄት እንደሚጋገር እህል ያለ ምግብ የሚበሉት ሰዎች ካንሰራቸው ሳይብስ የሚቈይበት ጊዜ ረዘመ። ይህ አሠር በእኛ ሆድ አይፈጭም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው። ጥናቱ ሰዎቹ የሚበሉትን ጠይቆ የመዘገበ እንጂ እንዲህ ብሉ ብሎ ያነጻጸረ ስላልሆነ፥ ምግቡ ብቻውን ይህን ሠራ ለማለት አያስደፍርም።

በዚያው ጥናት ውስጥ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላው ነገር ነው። በውጭ አገር መድኃኒት ቤቶች «ደግ ባክቴሪያ» እየተባለ በኪኒን የሚሸጥ ነገር አለ። ከላይ የተነገረውን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ይህን ገዝቶ መዋጥ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከሕመምተኞቹም ይህን የሚውጡ ብዙ ነበሩ፤ አሠር በመብላት ይበልጡን የተጠቀሙት ግን ኪኒኑን ያልዋጡት ሆኑ። ሊቃውንቱ ነገሩን ለማጣራት ኪኒኑን ለአይጦች በሰጧቸው ጊዜ፥ ዕጢው ተለቀ፥ ወደ ዕጢው የሚዘምቱት የመከላከያ ሕዋሳትም አነሱ። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በብዛት ሲገባ የቀሩትን ልዩ ልዩ ወገኖች ሳያጣብባቸው አይቀርም። ስለዚህም አሁን በታላላቅ የካንሰር ሆስፒታሎች ሐኪሞች ሕመምተኛውን ከሚጠይቁት ጥያቄ መካከል፥ ባለፉት ሳምንታት ምን አንቲባዮቲክ እንደ ወሰደና እንዲህ ያለ ኪኒን ይውጥ እንደ ሆነ የሚለው ገብቷል።